የወፏን ስም የጻፍሁ ዕለት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ቤት ቴሌቪዥን ፊት የሚሰበሰበው ሰው ከዕድር ስብሰባ አያንስም። ገዳዮቻቸው ስላልታወቁ ሟቾች የሚተርክ ተከታታይ ድራማ አለ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይገደላል፣ አንድ መርማሪ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ እየሰቀለ በቀይ ክር ያገናኛል፣ መጨረሻው ላይ ገዳዩ ሳይገኝ ያልቃል። አለቀ ማለቴ ድራማው ነው፤ ጭቅጭቁ ገና ያን ጊዜ ይጀመራል።

ልጄ ጸሐይ ትወደዋለች። «ቢያንስ ሟቾቹ ይታወሳሉ፤ ስማቸው ይነሣል» ባይ ናት። ባሏ መምህር ስለሆነ ተዋንያኑን እንደ ፈተና ወረቀት ያርማቸዋል፤ በቃል ያጠኑትን ነው የሚያነበንቡት እያለ ያጣጥላል፣ ግን አንድም እሑድ አምልጦት አያውቅም። ጎረቤታችን እማሆይ ደግሞ ከልባቸው ይናደዳሉ። «ገዳዩን ካልነገሩን ምነው ሬሳ ያሳዩናል?» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሁሉም ቀድመው መጥተው ደህናዋን ወንበር ይይዛሉ። ማዶ ያለው ባለሱቅ ድራማው ፖሊስን ለማዋረድ የተሠራ ነው ይላል። ይህን የሚለው ፖሊስ ስለነበርሁ እኔን ደስ ይበለው ብሎ ነው። ፖሊስ ከድራማው የባሰ ሲሳሳት በዓይኔ ስላየሁ ግን ደስ አይለኝም።

ባለፈው እሑድ በድራማው ውስጥ የሟች እናት የመርማሪውን ክንድ ይዛ «ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አለችው። ጸሐይ ዞር ብላ «አባባ፣ እርስዎስ እንዲህ ሳይገኝ የቀረ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?» አለችኝ። ሻዩ ቀዝቅዟል ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የማወራው የሚያስቀውን ብቻ ነው። የማያስቀውን ለመጻፍ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ።

የተወለድሁት ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም የእሳቸውን ወንበር እንድወርስ ተመኝተው ነበር። ድምፄ ግን እንኳን ለማኅሌት ለከብት መጥሪያም አይሆንም። ጽሕፈቴ ያማረ ስለነበር ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖሊስ ቤት ገባሁ። በዚያ ጊዜ በየጣቢያው ጠብመንጃ የሚይዝ ሞልቷል፤ ብዕር የሚይዝ ግን ተፈልጎ አይገኝም። ስለ ደመወዙ አታንሡብኝ፤ አባቴ ወሩን ሙሉ በእኔ ሲያዝኑ ደመወዝ በምቀበልበት ቀን ደግሞ ይስቁ ነበር።

የመጀመሪያው አለቃዬ መቶ አለቃ ካሣሁን ወረቀት አምላኪ ነበሩ። «ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም» ይሉ ነበር። ጠዋት ጣቢያ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የቀለም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው ያያሉ። መዝገብ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ካገኙ እንደ ቀዳዳ ሱሪ ያፍሩበታል። ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔን የመሰለ ጸሐፊ በማግኘታቸውም ደስተኛ ነበሩ፤ ብዙ ያመሰግኑኝ ነበር፣ እኔም ምስጋና እወድ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ሃምሳ አለቃ ብሩ ናቸው። አገሩ ሁሉ አያ ብሩ ይላቸዋል። አርማጭሆ ተወልደው ያደጉ፣ ከስማቸው በቀር መጻፍ የማይችሉ፣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ነበሩ። ከሳቸው ጋር ስንት አገር በእግሬ አካለልሁ! ማኪና ትክል ድንጋይ ድረስ የምትሄደው መንገዱ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነበር። ዛሬ ጉልበቴ ደረጃ እንኳን እምቢ ሲለኝ ያ ዳገት ይናፍቀኛል። አያ ብሩ ከፊቴ እየሄዱ፣ ወደኋላ ሳይዞሩ የሚያወሩኝ ወሬ ይናፍቀኛል።

ሰው ተገደለ ተብለን ስንሄድ አያ ብሩ ስለ ግድያው አይጠይቁም። መጀመሪያ ልቅሶ ይደርሳሉ። ከአጥሩ ውጭ መለዮአቸውን አውልቀው ለእኔ ይሰጡኛል፣ ጋቢያቸውን ያደገድጋሉ፣ እንደ ዘመድ እያለቀሱ ይገባሉ። ዕንባቸው የእውነት ነበር። ከዚያ ከሰው ሁሉ ኋላ ይቀመጡና ንፍሮው ሲዞር የሰዉን እጅ እጁን ያያሉ። «ደም ያለበት ሰው የሟች ቤት እህል አይወርድለትም» ይሉኝ ነበር። «አፉ ያለቅሳል፣ ፊቱን ይነጫል፤ ንፍሮዋን ግን አይውጣትም።»

ሲያደርጉትም አይቻለሁ። አንድ ገበሬ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ፤ ወድቆ ነው ተባለ፤ ሬሳውም ተቀበረ። ልቅሶው ላይ የሟች መቀናጆ፣ በሬውን ከሟች በሬ ጋር አቀናጅቶ የሚያርሰው ሰው ማለት ነው፣ ከሁሉም አብልጦ ያለቅሳል። ንፍሮ ሲሰጡት ተቀበለና እጁን ጋቢው ውስጥ አገባ። አያ ብሩ ተነሥተው አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ። ከራሳቸው መዳፍ ንፍሮ አንሥተው «እንካ ወንድሜ፣ አብረን እንብላ፤ ሐዘን ብቻ አይበቃም» አሉት። ሰውየው እጃቸውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ጋቢው ውስጥ የደበቀው ንፍሮ መሬት ላይ ተዘራ። በድንበር ተጣልተው እንደገፋው ያኔውኑ ተናገረ። አያ ብሩ አልሰደቡትም፣ አልመቱትም። መንገዱን ሙሉ እንደ በሽተኛ ደግፈው አመጡት።

ሌላው ልማዳቸው ሰው ፊት አለማስጻፋቸው ነው። የሰሙትን ለማስታወስ የጋቢያቸውን ዘርፍ ይቋጥራሉ፤ ለአንድ ነገር አንድ ቋጠሮ። ስንመለስ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ቋጠሮውን አንድ በአንድ እየፈቱ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቋጠሮ ግን ይፈቱትና ዝም ይላሉ። «ይኸኛውስ፣ አያ?» ስላቸው «ይኸ የወረቀት አይደለም» ይሉኛል። ይህን ነገር አልወደውም ነበር። ወጣት ነኝ፣ ጸሐፊ ነኝ፤ የወረቀት ያልሆነ ነገር አለ ቢሉኝ ሙያዬን የናቁብኝ ይመስለኝ ነበር።

ደሴ የሚባል ሰው የተገደለው አያ ብሩ ወባ ይዟቸው ጎንደር ቤታቸው በተኙበት ጊዜ ነው። አርማጭሆ ውስጥ፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ ሲመለስ ወንዝ ዳር ከቁጥቋጦ ተተኩሶበት ወደቀ። ነገሩን ይዤ የሄድሁት እኔ ብቻዬን ነኝ። ስደርስ ሦስተኛው ቀን አልፎ ልቅሶው ተበትኗል፣ እጅ የማይበት ንፍሮም የለም።

የሟች እናት ወይዘሮ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አያለቅሱም ነበር። ጎጆው ውስጥ ሁለተኛው ልጃቸው ቢራራ ጠብመንጃ ይወለውላል።

«የመንግሥት ሰው ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ስማኝ። የሞተው ሞቷል። ይኸ የቀረኝ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። «ሕግ ገዳዩን ካላወጣልኝ የመሰለውን ሰው ይገድላል። ከዚያ እሱንም ይገድሉብኛል። ማን እንደሆነ አውጣልኝና ይኸን ልጄን አትርፍልኝ። ሌላ አልለምንህም።»

ቢራራ ቀና ብሎ «ዘመድ አርፎ ሲቀመጥ ሸጋ ነው፤ የሰው ደም ግን አያርፍም» አለኝ። እስከ መስቀል እንዲታገሠኝ ለመንሁት። እሺ አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

ያን ጊዜ በገጠሩ ወንጀል የሚወጣው በአውጫጭኝ ነበር። ጭቃ ሹሙ ቀበሌውን ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበስባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ማሳው አይሄድም። የማሉ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። አንድ ነገር ያየ ሰው በግልጽ አይናገርም፤ ለመናገር ቢነሣ ነገ ከገዳዩ ዘመድ ጋር የት ይኖራል? ጊዜ ጠብቆ ለአንዱ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌውም ተነሥቶ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። አባት ለልጁ አይነግርም፣ ባል ለሚስቱ አይነግርም። አገሩ ተማምኖ የሚኖረው በዚህ ነበር።

ሁለት ቀን ሜዳ ላይ ዋልን። የጤፍ አረም የደረሰበት ጊዜ ስለነበር ሰው ይጉረመርማል፣ እናቶች ሕፃን ያባብላሉ፣ እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው ቀን አያ ውቤ የሚባሉት ሽማግሌ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ወፍ አይታለች» አሉኝ። «ደሴ የወደቀ ለታ ታፈረ ጠብመንጃውን በጋቢ ሸፍኖ ከወንዙ ሽቅብ ሲወጣ አይታለች።»

ታፈረና ደሴ በግጦሽ ተጣልተው እንደነበር አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ቸኩዬ ጠየቅሁ። «ወፏ ማን ናት፣ አያ?»

ሳቁብኝ። «ምነው ልጄ፣ ወፍ ስም አላት እንዴ?»

አዲስ ሕግ እንደመጣ አስረዳኋቸው። ዳኛው ወፍ አይቀበልም፤ ያየ ሰው በእግሩ ቆሞ፣ ምሎ ካልመሰከረ ታፈረ ነገ ይለቀቃል፣ ቢራራም ይተኩሳል አልኋቸው። አያ ውቤ ብዙ አሰቡ። ነጩን ጢማቸውን ሲያሹ፣ ሜዳው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ፣ ተመልሰው እኔን ሲያዩ ትዝ ይለኛል።

«የቁስቋሙ መሪጌታ ልጅ ነህ አሉኝ።»

«ነኝ።»

«ብነግርህ በጆሮህ ታስቀረዋለህ? እኔ ራሴ ሄጄ እለምነዋለሁ። እሺ ካለ ይመጣል፤ እምቢ ካለ አልሰማህም።»

«አስቀረዋለሁ፣ አያ።»

ወፏ አቶ ገብሬ ነበሩ። የታፈረን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ አበልጆች ናቸው። አበልጅ በእኛ አገር ከወንድም አይተናነስም። ሰውየው እውነቱንም መሸሸግ አልቻሉም፣ አበልጃቸውንም በአደባባይ መክሰስ አልቻሉም። ሁለቱንም ተሸክመው መኖር የሚችሉበት መንገድ ወፍ መሆን ብቻ ነበር።

ታፈረን አስይዤ ጣቢያ ተመለስሁ። መዝገቡን ዘርግቼ ሳሟላ «ምስክር» የሚለው ጋ ደረስሁ። ክፍት ቦታ ነው። መቶ አለቃ ካሣሁን ከኋላዬ ቆመዋል፤ «ይኸ ምነው ባዶ ሆነ?» አሉኝ። የአያ ውቤን መልእክት ልጠብቅ ብል ሳምንት ሊፈጅ ነው። የወይዘሮ አንጓች ፊት ታየኝ። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር፣ የአሥር አለቃነት ማዕረጉም ታየኝ። በዚያ ላይ ወረቀቱን የሚያየው ዳኛው ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ። «ገብሬ አለነ» ብዬ በዚያ ባማረው ጽሕፈቴ ጻፍሁ። መቶ አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ሞልቷል። ከአርማጭሆ የታፈረ ዘመድ ሁሉ መጥቷል፣ ቢራራ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ወይዘሮ አንጓች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ገብሬም ከታፈረ ዘመዶች መካከል ነበሩ፤ አበልጃቸው ታስሮ እንዴት ሳይመጡ ይቀራሉ? ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ «የዐቃቤ ሕግ ምስክር ገብሬ አለነ!» አለ።

በአጠገባቸው የነበረው ሰው ሁሉ ፈቀቅ አለ። አንድ ሰው ብቻውን በባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች። እየተጎተቱ ወደ ፊት መጡ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃቸውን አስቀመጡ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ታፈረ ተለቀቀ።

አቶ ገብሬ ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። አልጮሁብኝም። «አንተ ልጅ፣ በሐሰት አስማልኸኝ» ብቻ አሉኝ። በዚያው ዓመት ቤታቸውን ጥለው ገዳም ገቡ አሉ።

ቢራራ ችሎቱ ሳያልቅ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ታፈረ በበቅሎ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ተኮሰበት። ጥይቱ በቅሎዋን ገደለ፣ ታፈረ ተረፈ። ቢራራ በዚያው ቆላ ወረደ፤ ሸፈተ ተባለ። እናትየው አንዱን ልጅ ቀብረው አንዱን ለማትረፍ ወደ እኔ መጥተው ነበር። እኔ ሁለቱንም አሳጣኋቸው።

አያ ብሩን ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከስተው፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ጻፍኸው?» አሉ።

«ሕጉ ስም ይላል፣ አያ።»

«ሕጉማ ልክ ነው። ወደፊትም ሰው በእግሩ ቆሞ የሚመሰክርበት ቀን ይመጣል፤ እኔም እመኘዋለሁ። ግን ቃል የሰጠኸው ለውቤ ነው። ውቤ ቢለምነው ገብሬ በራሱ ጊዜ ይመጣ ነበር። አንድ ሳምንት መታገሥ አቃተህ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አብረን ወጥተን አናውቅም፤ ወባው ሳይለቃቸው በጾም መግቢያ ላይ አረፉ። እስካሁን ድረስ ከባድ ነገር ሲገጥመኝ እሳቸውን መጠየቅ ያምረኛል።

በአርማጭሆ ከዚያ ወዲያ አውጫጭኝ በተጠራ ቁጥር ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዝም ይላል። «ወፍ የለችም» ይሉናል ሽማግሌዎቹ፤ እኔን እያዩ። መቶ አለቃ ካሣሁን የሕዝቡ እምቢተኝነት ነው ብለው ለበላይ ጻፉ። እኔ ተዛውሬ ጭልጋ፣ ኋላም ደባርቅ ሠራሁ። ማዕረጉም በጊዜው መጣ። ጥሩ ሥራም ሠርቻለሁ፤ የሰው ስም ከመጻፌ በፊት ብዕሬን አስቀምጬ አንድ ቀን የማሳደር ልማድ ስለያዝሁ አለቆቼ ዘገምተኛ ይሉኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደር ተመልሼ፣ ለቁስቋም ንግሥ ሥርዓት ላስከብር ተመድቤ ቆሜያለሁ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን አንዲት አሮጊት ፊቴ መጥተው ቆሙ። ወይዘሮ አንጓች ነበሩ። ጎብጠዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዱላቸው ከለከሉኝ።

«ተው፣ ልብስህ ይቆሽሻል» አሉ። «ነገሩ እኮ አልቋል። የልጄ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ካህናት አስቀድሞ ደጄ ላይ ወደቀ። ታርቀናል።»

«ማን ነው?» አልሁ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዤው እንደኖርሁ እግዚአብሔር ያውቃል። «ታፈረ ነው? ሌላ ሰው ነው?»

«አገሩ ሁሉ ያውቀዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ላንተ ግን ማንም አይነግርህም። እኔም አልነግርህም። ትጽፈዋለህ።»

መዝገቡ ላይ ገዳዩ አልታወቀም ይላል፤ ያልታወቀው ለእኔና ለመዝገቡ ብቻ ኖሯል።

«ቢራራስ?» አልሁ።

ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የተለወጠው። «አልመጣም። ሑመራ አየነው የሚል አለ፣ መተማ ነው የሚል አለ። መታረቃችንን አያውቅም። ደሙ ሳይመለስ አገሬ አልገባም ብሎ በረሃ ለበረሃ ይንከራተታል።» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አንተ ነህ ያስኮበለልኸው። አንተ ጥራው። መጻፍስ ታውቅ የለ?»

እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቁጭ ብለን ጻፍን። እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ አንድም ቃል ሳልጨምር። «ልጄ ቢራራ፣ ታርቀናል። የደም ዕዳ የለብህም። እኔ እናትህ በሕይወት አለሁ፤ እጠብቅሃለሁ፤ ና።» ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ከሚወርዱ ሰዎች ለአንዱ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጻፍሁ፤ ከዚያም በየዓመቱ፣ አጫጆች ሊወርዱ ሲሰባሰቡ ሁለት ሦስት ቅጂ ይዤ እሄድ ነበር። «ቢራራ የሚባል የአርማጭሆ ሰው ስታገኙ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ከልቡ ይቀበለኛል። መልስ መጥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ አንጓች ጡረታ ከመውጣቴ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ቢራራ ይመጣ እንደሆነ መንገዱን ሳይ ዋልሁ። በዚያ ዓመትም፣ በሚቀጥለውም ዓመት አጫጆቹ ሲሰባሰቡ ወረቀቴን አወጣሁ። ሥራዬን በለቀቅሁበት ዓመት የላክሁትን የመጨረሻውን ደብዳቤ ስጽፍ ቃላቸውን ለመለወጥ ብዕሬን አነሣሁና አልቻልሁም፤ እንደ ወትሮው «እኔ እናትህ በሕይወት አለሁ፤ እጠብቅሃለሁ፤ ና» ብዬ ጻፍሁ።